ዘፈኑን ነው የምንሰማው ወይስ ስፒከሩን? ስለ ውድ የድምፅ ዕቃ በቀላሉ

ስፖቲፋይ በፈረንጆቹ መስከረም 2025 ሎስለስ የሚባለውን ነገር (ከድምፁ ምንም ሳይጣል የሚመጣ ዘፈን) ከጀመረ ወዲህ (አፕል ሚዩዚክ እንኳን ከ2021 ጀምሮ አለው) እኔ ጋ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ሄድፎን ልቀይር እንዴ?»፣ «ዳክ ምናምን የሚሉት ነገር የግድ ነው?»፣ «ይሄ ብሉቱዝ ስፒከሬ አሁን ዋጋ የለውም ማለት ነው?» እኔን የሚጠይቁኝ ምክንያቱ ግልፅ ነው፣ ከጓደኞቼ መሃል በዚህ በሽታ የተያዝኩት እኔ ነኝ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከደሞዜ እየቆረጥኩ ስፒከር፣ አምፕ፣ ገመድ፣ የገመድ ማስቀመጫ ሳይቀር (አዎ እሱም አለ) ስገዛ ከርሜያለሁ። በየቴሌግራሙ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

አስቀድሜ ልናገር፣ ይሄ ዕቃ አትግዙ የሚል ጽሑፍ አይደለም። እኔም አሁን ድረስ አለኝ፣ እወደዋለሁም።

ሃይ ፋይ፣ ሃይ ኤንድ፣ ኦዲዮፋይል፣ ምንድናቸው?

ሃይ ፋይ የሚለውን ድሮ ቤታችን የነበረው ቴፕ ላይ ተጽፎ ሁላችንም አይተነዋል። ታማኝ ድምፅ እንደማለት ነው፣ ስቱዲዮ የተቀዳውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያወጣ። ሃይ ኤንድ ደሞ የዚያው ነገር ውድ ጫፍ ነው፣ አንድ ጥንድ ስፒከር የመኪና ዋጋ የሚያወጣበት፣ ሸክላ ማጫወቻው ብቻውን ለኮንዶሚኒየም ቅድመ ክፍያ የሚበቃበት ዓለም። ኦዲዮፋይል የሚባለው የዚህ ዓለም ነዋሪ ነው፣ የድምፅ ጥራት ነገር እንቅልፍ የሚነሳው ሰው በሉት።

እዚህ ጋ ሁለት ፍቅር አለ፣ ሰው የሚያምታታውም እነሱን ነው። አንዱ ሙዚቃ መውደድ ነው። ሁለተኛው ዕቃ መውደድ ነው፣ ብረቱን፣ መብራቱን፣ ማዞሪያው በጣት ሲያዝ ያለውን ክብደት፣ ከካርቶን ሲወጣ ያለውን ሽታ። ሁለተኛው ነውር የለበትም፣ መኪና የሚወድ ሰው የትም ሳይሄድ ቅዳሜ ሙሉ መኪናውን ሲያጥብ ይውል የለ? ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛውን እያደረጉ የመጀመሪያውን እያደረግኩ ነው ብሎ ማሰብ ሲጀመር ነው። እኔ እዚያ ገብቼ ስለወጣሁ ነው የምናገረው፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቻለሁ ብዬ ባልምልም።

ድምፁ እኛ ጋ እስኪደርስ በየት በየት ያልፋል?

ይሄን ካላወቅን ገንዘባችን የት እንደሚገባ አናውቅም። ዘፋኙ ማይክ ፊት ይቆማል፣ ማይኩ የአየሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል፣ ይቀዳል። ከዚያ ሚክስ ይደረጋል፣ ማለት የዘፋኙ፣ የቤዙ፣ የከበሮው መጠን ይመጣጠናል። ከዚያ ማስተር ይደረጋል፣ ይሄ የመጨረሻው ማስተካከያ ነው፣ አጠቃላይ ድምፁ ምን ያህል ይጩህ፣ ምን ያህል ይድመቅ የሚወሰንበት። ከዚያ ፋይል ወይ ሲዲ ወይ ሸክላ ይሆናል።

ቤታችን ሲደርስ ዳክ የሚባለው ነገር ፋይሉ ውስጥ ያለውን ቁጥር መልሶ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። ዳክ ለብቻው የሚሸጥ ሳጥን ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ስልካችሁ ውስጥም አለ፣ ባይኖር ስልኩ ድምፅ አያወጣም ነበር። አምፑ ያንን ደካማ ኤሌክትሪክ ያበረታዋል፣ ስፒከሩ አየር ይገፋል፣ ክፍሉ ያስተጋባዋል፣ መጨረሻ ላይ ጆሮ።

እንጀራ በሉት። ጤፉ ቀረጻው ነው። ሊጡ ሚክስና ማስተሩ ነው። ምጣዱ ስፒከሩና ክፍሉ ናቸው። ዳኩ፣ ገመዱ፣ ምናምኑ እንግዲህ ሰፌዱና መሶቡ ናቸው። ሊጡ ሳይቦካ ምጣድ ብትቀይሩ ዓይን አይወጣለትም፣ በወርቅ መሶብ ብታቀርቡትም ያው ነው። በዚህ ዓለም ውስጥ የሚያስቀውም የሚያናድደውም ነገር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ሰፌዱ ላይ መሆኑ ነው፣ ምክንያቱም ሰፌዱ ያምራል፣ ይገዛል፣ ፎቶ ይነሳል። ጤፉን ግን ማናችንም ዛሬ ተመልሰን መዝራት አንችልም።

ሎስለስ ማለትስ? ልዩነቱ ይሰማል?

ሲዲ በ1982 ሲወጣ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በ16 ቢት እንዲጽፍ ተደርጎ ነው። 16 ቢት ማለት እያንዳንዱን ልክ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ላይ ማስቀመጥ ነው። 44,100 ደሞ ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም፣ የጤነኛ ወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ነው የሚሰማው (ኸርዝ ማለት በሰከንድ ስንት ጊዜ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው)፣ አንድን ድምፅ ሳያጓድሉ ለመያዝ ደግሞ ከእሱ ከእጥፍ በላይ ጊዜ መለካት ይበቃል፣ ይሄ የሂሳብ ጉዳይ ነው፣ የአስተያየት አይደለም። እና የ20,000 እጥፍ 40,000፣ ትንሽ መፈናፈኛ ጨምሩበት፣ በቃ።

ኤምፒ3 የሚያደርገው ፋይሉን ለማሳነስ የማይሰማውን መጣል ነው። መርካቶ መሃል፣ ከባድ መኪና አጠገባችሁ እየተነሳ፣ አንድ ሰው ቢያንሾካሹክ አይሰማችሁም አይደል? ዘፈን ውስጥም ድራሙ ሲመታ በዚያች ቅፅበት የሚሸፈኑ ትንንሽ ድምፆች አሉ፣ ኤምፒ3 እነሱን ይጥላል። በጣም ካጠበቡት መጣል የሌለበትንም ይጥላል፣ ያኔ ጭብጨባውና ጽናጽሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል፣ በጣም የተጠበበ ፋይል የሰማ ሰው ያውቀዋል። ሎስለስ ማለት ምንም ሳይጣል እንደ ዚፕ ፋይል ታጥፎ ሲመጣና ሲከፈት ልክ እንደነበረው ሲሆን ነው። ሃይ ሬዝ የሚሉት ደሞ ከሲዲ በላይ የተለካ ነው፣ 24 ቢት፣ 96,000 ወይ 192,000 ጊዜ።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ ይሰማል ወይ? ጠባብ ኤምፒ3 እና ሲዲ መሃል፣ አዎ፣ በደንብ። ደህና በሆነ ኤምፒ3 (በሰከንድ 320 ኪሎቢት የሚይዝ) እና በሲዲ መሃል ለአብዛኛው ሰው በጣም ከባድ ነው። ሲዲና ሃይ ሬዝ መሃልስ? በ2007 በኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ሶሳይቲ መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ነበር፣ ሃይ ሬዙን በቀጥታና በሲዲ ጥራት አሳልፈው እያቀያየሩ አሰሙ፣ 554 ሙከራ ተደረገ፣ ትክክል የተገኘው 276። ሳንቲም ብትወረውሩም ያው ነው። በ2016 ደሞ ሌላ ተመራማሪ 18 ጥናቶችን ሰብስቦ ከ12,000 በላይ ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲያሰላ 52 ከመቶ አካባቢ ትክክል አገኘ፣ ስለዚህ ጭራሽ ዜሮ አይደለም፣ የሰለጠነ ጆሮ ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። እንግዲህ 52 ከመቶ ለሚሆን ነገር ስንት ብር እንደምታወጡ እናንተ ወስኑ።

እኔም ቤቴ ሞክሬዋለሁ። ያኔ አዲስ ዳክ ገዝቼ «ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው» እያልኩ ለሁሉም ስሰብክ ነበር፣ አንድ ጓደኛዬ ሰልችቶት ነጠላ አምጣ አለኝ። ነጠላውን ዕቃዎቹ ላይ ጣል አድርጎ ከኋላ እሱ አንዴ አዲሱን አንዴ የድሮውን ላፕቶፕ እያገናኘ እኔ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ የትኛው እንደሆነ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። መጀመሪያ አምስቱንም አገኘሁ፣ ደረቴ ተነፋ። ከዚያ ጓደኛዬ (ኢንጂነር ነው፣ እንዲህ ዓይነት ሰው አያድርስ) ቆይ ብሎ ስልኩ ላይ ባለው የድምፅ መለኪያ ሲያየው ለካ አዲሱ ዳክ ትንሽ ይጮሃል። እኩል አደረጋቸውና እንደገና ጀመርን፣ ከ12ቱ ያገኘሁት 6 ነው። ወረቀቱን ቀዶ ኪሱ ከተተው፣ እስካሁን በሱ ያስፈራራኛል።

ይሄን አትርሱት፣ ምክንያቱም ሱቅ ስትገቡ የሚጠቅማችሁ ይሄ ነው። ጆሯችን በትንሹ የጮኸውን ነገር «ጮኸ» አይለውም፣ «ጠራ»፣ «ሰፋ»፣ «ነፍስ አለው» ነው የሚለው። ሻጩ ውዱን ሲያሰማችሁ ማዞሪያውን በፀጉር ያህል ከፍ ካደረገው ጨርሷችኋል፣ እሱ ራሱ ላያውቀውም ይችላል።

ታዲያ ውድ ዕቃ ሁሉ ውሸት ነው?

አይደለም። ስፒከርና ሄድፎን ላይ ልዩነቱ እውነተኛ ነው፣ ነጠላ ቢጋረድበትም የሚሰማ። በገናን እንውሰድ። በገና 10 ክር አለው፣ ከክሮቹ ሥር ትንንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባና ያ ነው የምናውቀውን ንዝር ንዝር የሚለውን ድምፅ የሚሰጠው። ስልክ ስፒከር ላይ የምትሰሙት ያንን ንዝረት ብቻ ነው፣ ከሥሩ ያለውን ወፍራም ድምፅ ያቺ የጥፍር ያህል ስፒከር ልታወጣው አትችልም። የሚገርመው አእምሯችን ከላይ ከላይ የቀረውን ሰምቶ የጎደለውን ሥር ራሱ ይሞላዋል፣ ለዚያ ነው በስልክም ቢሆን በገና መሆኑ የማይጠፋን። ዓቢይ ጾም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በደህና ስፒከር የሰማሁት ቀን ግን እየሞላሁ ስሰማው የኖርኩትን ነገር ራሱን አገኘሁት፣ ክሩ ሲነካ ወንበሩ ውስጥ ይሰማል፣ የደርዳሪው ትንፋሽ ከክሩ ተለይቶ ይሰማል። ለዚያ ያወጣሁት ገንዘብ አይቆጨኝም።

ነገሩ ከአንድ ቦታ በኋላ ዋጋው በሊፍት ሲወጣ ድምፁ በደረጃ መሆኑ ነው። ከተራ ኤርፎን ወደ ደህና ሄድፎን ስትሄዱ ትልቅ ዝላይ ነው፣ ከደህናው ወደ ውዱ ግን ትንሽ፣ ከውዱ ወደ በጣም ውዱ ደግሞ አንዳንዴ «የተለየ» እንጂ «የተሻለ» እንኳን አይደለም። አምፕ ላይም እንደዚያው፣ ሰው ዋት ያያል። 50 ዋት የነበረውን 100 ብታደርጉት የምታገኙት 3 ዴሲቤል ነው (ዴሲቤል የጩኸት መጠን መለኪያ ነው)፣ ጨመር አለ የሚያስብል ብቻ። ለጆሮ እጥፍ ጮኸ እንዲል ወደ 10 ዴሲቤል ገደማ ይፈልጋል፣ ያ ማለት 500 ዋት ነው። ሳሎን ውስጥ ማን ሊያገባህ።

ክፍሉ ምን አገባው?

ሁሉንም ነገር ያገባዋል፣ ግን ሱቅ ስለማይሸጠው ማንም አይነግራችሁም።

የኔ ሳሎን እንደብዙዎቻችን ኮንዶሚኒየም ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ርዝመቱ 4 ሜትር ገደማ። ስፒከሮቹን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ቡፌው ላይ፣ ቲቪው ግራና ቀኝ፣ አንዱ ጥግ ውስጥ ተወትፎ። ቤዝ ጊታሩ ወደ ታችኛዋ ኖታ በወረደ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ «ቡምምም» ይልና የተቀረውን ይውጠዋል። እኔ ጥፋቱን አምፑ ላይ ጣልኩና አምፕ ቀየርኩ። ያው ነው። ገመድ ቀየርኩ። ያው ነው።

በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነው የገባኝ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ 4 ሜትር ክፍል ውስጥ ሲመላለስ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ ልክ ይገጥምና እየተደራረበ ያብጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ ነው! እና ሳሎኔ ራሱ መሣሪያ ሆኖ እየተጫወተ ነበር ማለት ነው፣ አምፑ ምን በወጣው። ስፒከሮቹን ከቡፌው አውርጄ ከጥጉ አወጣኋቸው፣ ከግድግዳው ሁለት ክንድ ያህል ሳብኳቸው፣ ሶፋውንም ከኋላው ግድግዳ ትንሽ አራቅኩት። ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ። ያ ማታ የሰማሁት ለውጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ይበልጥ ነበር፣ ወጪው የምንጣፍና የመጋረጃ ብቻ። (ምንጣፍና መጋረጃ ቤዙን አይነኩትም፣ እነሱ የሚያረግቡት ከላይ ያለውን ጩኸት ነው፣ ቤዙን ያስተካከለው ቦታ መቀየሩ ነው፣ እንዳታምታቱት።)

ቤታችሁ ምን እንደሚመስል ማወቅ ከፈለጋችሁ ክፍሉ መሃል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ «ጥርርር» የሚል ነገር ከተከተለ ክፍሉ ባዶ ነው፣ መጽሐፍ መደርደሪያ፣ ሶፋ፣ ምንጣፍ ይፈልጋል።

ሌላው ጎረቤት ነው። ቤዝ ግድግዳ አያቆመውም፣ ስለዚህ ማታ ማታ ሁላችንም ቀንሰን ነው የምንሰማው፣ ስንቀንሰው ደሞ ቤዙ ከሌላው ቀድሞ ይጠፋል። ይሄ የዕቃው ድክመት አይደለም፣ ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካኖች በ1933 ለክተው አሳይተውታል፣ ጆሯችን ራሱ ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ወፍራሙን ድምፅ በደንብ አይሰማም። ማታ ቤዙን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው፣ ንጹህ ኦዲዮፋይል ኢኳላይዘር (ቤዙን ወይ ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን) አይነካም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሰላም ብላችሁ እለፉት።

ገመዱስ? መብራቱስ?

ገመድ፦ ለስፒከር ወፍራም መዳብ ይበቃል፣ ለሶኬት መስመር የሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ለሳሎን ከበቂ በላይ ነው። በሺዎች ዶላር የሚሸጡ አሉ፣ ያምራሉ።

መብራት፦ እኛ አገር ቮልቴጁ ሲወርድ ሲወጣ ዕቃ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ስታቢላይዘር ግዙ፣ ድምፁን እንዲያሳምር ሳይሆን አምፑ እንዲኖር። ጃፓን ውስጥ «የሰፈሩ መብራት ድምፄን ያበላሽብኛል» ብለው ግቢያቸው ውስጥ የራሳቸውን የመብራት ምሰሶ ያስተከሉ አሉ፣ በ2016 ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። እዚህ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር ምሰሶው ላይ መብራት መምጣቱን ራሱ ይጠብቃል።

ሙዚቃ ወዳጅ የነበረ ሰው እንዴት ዕቃ ወዳጅ ይሆናል?

በኔ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በስስት ወይ በጉራ የሚመጣ ይመስላል እንጂ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው።

ጥሩ ስፒከር ሁሉንም ነገር ያሰማል። ሁሉንም ሲባል ጥፋቱንም ነው። የኛ አገር ሙዚቃ አብዛኛው የደረሰን እንዴት ነው? አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 በፈረንጆቹ ከ100 በላይ ሸክላ አሳተመ፣ ከዚያ ዘመኑ ተቀየረ፣ ካሴት መጣ፣ ካሴቱ ከካሴት ተገለበጠ፣ የተገለበጠው ተገለበጠ፣ ብዙው ዩቲዩብ ላይ የምናገኘው የዚያ የተገለበጠው ቅጂ ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው፣ ትንሽ ላስቲኩ ከላላ ወይ ሞተሩ ከደከመ ድምፁ ይወዛወዛል፣ እያንዳንዱ ግልበጣ ደሞ የራሱን «ሽሽሽ» ይጨምራል። ድሮ ቴፓችን ራሱ ሽሽሽ ስለሚል አይታወቀንም ነበር። አሁን ባለ ብዙ ሺ ብር ስፒከር ላይ ስታደርጉት ሽሽሹ ከዘፋኙ እኩል ፊት ለፊታችሁ ይቆማል።

እና ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ያደረግኩት ይሄን ነው፣ ዕቃውን የሚያኮራ ዘፈን መፈለግ ጀመርኩ። በደንብ የተቀዳ፣ ዝግ ያለ ጃዝ፣ አንዲት ሴት ከአንድ ጊታር ጋር፣ ውሃ ሲንጠባጠብ የሚሰማበት ምናምን። ቋንቋውን የማልሰማው፣ የማልወደውም የማልጠላውም ሙዚቃ። እንግዳ ሲመጣ እሱን ነው የምከፍተው፣ «ስማ፣ ጣቱ ክሩ ላይ ሲንሸራተት ይሰማሃል?» እላለሁ። እንግዳውም ይሰማዋል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ ካሴቱን ቢክ እስኪርቢቶ ከትቼ እያጠነጠንኩ የምሰማቸውን ትዝታዎች ግን ከስድስት ወር በላይ አንዱንም ከፍቼ አላውቅም ነበር፣ ድምፃቸው «መጥፎ» ስለሆነ። አንድ ቀን እህቴ ቤቴ መጥታ ከነሱ አንዱን ክፈትልኝ ብትለኝ «እሱ ቀረጻው ጥሩ አይደለም» አልኳት። አየችኝ። «እና?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስልኳን ብርጭቆ ውስጥ አቆመችና ከዚያው ከፍታው እየዘፈነች ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

በሽታው እንግዲህ ይሄ ነው። ዕቃው ውድ መሆኑ አይደለም፣ ዕቃው ዘፈን መምረጥ መጀመሩ ነው።

ሌላኛው መግቢያው እምነት ነው። በ2022 ሞባይል ፊደሊቲ የሚባለው የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ ላይ የደረሰውን ብዙዎቻችሁ አልሰማችሁ ይሆናል። ሸክላዎቹ ከዋናው ቴፕ በቀጥታ፣ ኮምፒውተር ሳይነካቸው የሚወጡ ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር፣ ዲጂታል ይገድላል አናሎግ ነፍስ አለው የሚሉት ሁሉ በነሱ ነበር የሚምሉት። በኋላ የድርጅቱ ኢንጂነሮች ራሳቸው ተጠይቀው ሲናገሩ ከ2011 ጀምሮ ብዙዎቹ መሃል ላይ ዲጂታል ቅጂ እንዳለባቸው ወጣ። ዓለም ተናወጠ፣ ክስ መጣ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፣ ያን ሁሉ ዓመት እነዚያ «ዲጂታልን በአንድ ሰከንድ እለየዋለሁ» የሚሉ ጆሮዎች እነዚያን ሸክላዎች ሲሰሙ የአናሎግ ጥግ ናቸው እያሉ ሲያደንቁ ነበር። ሸክላዎቹ ደግሞ በእውነትም ጥሩ ድምፅ ነበራቸው፣ ዛሬም አላቸው። የተቀየረው ሰው የሚያውቀው ነገር ብቻ ነው።

የመጨረሻውን ጥግ ማየት ከፈለጋችሁ ደሞ ቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ ነው፣ የኛ ሰው ከሚበዛበት ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ። ኬን ፍሪትዝ የሚባል ሰው ነበር፣ ቤቱ ላይ አዳራሽ የሚያህል የማዳመጫ ክፍል ቀጥሎ ሠራ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ስፒከሮቹን ራሱ ሠራ፣ ሸክላ ማጫወቻውንም ራሱ ሠራ፣ አሥርት ዓመታት ፈጀበት፣ ወጪው ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል። ቤተሰቡ ለዚያ ክፍል ስንት ቅዳሜና እሑድ እንደገበረ፣ ከአንድ ልጁ ጋር እንዴት እንደተጣሉ ዋሽንግተን ፖስት በ2024 በሰፊው ጽፎታል። ሰውየው ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያሽመደምድ በሽታ ያዘውና በ2022 አረፈ። በኋላ ዕቃው ሲሸጥ የተገኘው 156,800 ዶላር ነው።

ሰውየው ሞኝ ነበር አልልም። በእጁ መሥራት ይወድ ነበር፣ ምናልባት ፍቅሩ ራሱ መሥራቱ ላይ ነበር፣ ያ ደግሞ የሱ ሕይወት ነው። ግን ታሪኩን ያነበብኩ ቀን ተነስቼ የገመድ ማስቀመጫዎቹን ለሽያጭ አወጣኋቸው። እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።

እሺ፣ ምን ልግዛ ታዲያ?

መጀመሪያ የምትወዱትን ዘፈን የተሻለ ቅጂ ፈልጉ። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ሰው ከካሴት የጫነው አለ፣ ኦፊሴላዊው የተጸዳው ደግሞ አለ፣ የድሮ ሸክላዎቻችን ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ በሲዲ ተመልሰው የወጡም አሉ። ያው ዘፈን፣ ያው ኤርፎን፣ ልዩነቱ ግን ከማንኛውም ዳክ ይበልጣል። ከዚያ ክፍሉ። ከዚያ ስፒከር ወይ ሄድፎን፣ ቤት ውስጥ ሰው ካለና ግድግዳው ቀጭን ከሆነ ሄድፎን። ስትሞክሩ የራሳችሁን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሻጩን አትስሙ፣ ሽሽሽ የሚለውን የምትወዱትን ውሰዱ፣ ስፒከሩ እሱን አጥቁሮ ካስጠላችሁ ዋጋው ምንም ይሁን ለእናንተ አይሆንም። አምፑ ስፒከሩን ከቻለ በቃው። ዳክ ስልካችሁ ወይ ላፕቶፓችሁ ካላንሾካሾከና ካልተንጫጫ አያስፈልግም። ሎስለሱን ስፖቲፋይ ላይ ካገኛችሁት አብሩት፣ ምን ከፋ፣ ግን ብሉቱዝ ኤርፎን ከሆነ ስልኩ መልሶ ያጠብበዋል፣ ሙሉው አይደርስም፣ ዳታችሁን ብቻ ነው የሚበላው።

ጆሮ ደሞ አይቀየርም። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል ከሆነ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው የሚለው፣ 3 ዴሲቤል በጨመራችሁ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ሚኒባስ ውስጥ ጫጫታውን ለማሸነፍ ኤርፎኑን ጥግ የምታደርሱ ሰዎች ቁጥሩን አስሉት። ዕድሜ ከ50 ካለፈ በኋላ ብዙ ሰው ከ12 ወይ 14 ሺ ኸርዝ በላይ ያለው አይሰማውም። ውዱን ስፒከር የመግዛት አቅም ደሞ የሚመጣው በዚያው ዕድሜ ነው፣ ይሄን ማን እንዳሰበው አላውቅም።

እኔ አሁን ትንሽ ደብተር አለኝ። በአንድ በኩል በወሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስልክ ሳልነካ የሰማኋቸውን አልበሞች እጽፋለሁ፣ በሌላ በኩል የገዛሁትን ዕቃ። ያለፈው ወር እንዲህ ይላል፦ 11 አልበም፣ ዜሮ ዕቃ፣ አንድ ምንጣፍ። ምንጣፉን ባለቤቴ «ይሄ የቤት ነው» ብላ ሰርዛዋለች።